ከብረት ማቅለጫ እስከ ሕዋስ ጓዳ፤ የአልቤር ክሎድ የምርምር ጎዳና

የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይተረካል። ሽልማቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ከሽልማቱ በፊት የነበረው ዘመን ሁሉ ወደዚያው የሚያመራ ቀጥ ያለ ጎዳና ይመስላል። ባለታሪኩ ገና በሕፃንነቱ ቅጠልና ነፍሳት የሚመረምር፣ በትምህርት ቤት ከእኩዮቹ የሚልቅ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህራኑን የሚያስደንቅ ሆኖ ይቀርባል። እንዲህ ያለው አተራረክ አንባቢን ደስ ያሰኝ እንጂ ለተማሪና ለመምህር የሚያስተላልፈው መልእክት የተዛባ ነው። ጎዳናው ቀጥ ያላለለት ወጣት ከዕውቀት ደጅ ለዘለዓለም የተመለሰ እንዲመስለው ያደርጋልና።

በ20ኛው መቶ ዓመት የሕዋስን ውስጣዊ አሠራር ለዓለም ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ የሆነው የቤልጅየም ተወላጅ አልቤር ክሎድ ከዚህ አተራረክ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ሰው ነው። ክሎድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በፊዚዮሎጂ ወይም በሕክምና የሚሰጠውን የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተካፍሏል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በወጣትነቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላገኘ፣ የታመመ አጎቱን ያስታመመ፣ በብረት ፋብሪካ ሙያ የለመደ፣ በጦርነት ጊዜም በስለላ ሥራ የተሰለፈ ነበር። ወደ ሕዋስ ጥናት የደረሰውም አስቦበት ሳይሆን ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው። የዚህን ሰው ጎዳና መከተል ዕውቀት በምን ሁኔታ እንደሚወለድ፣ በምን ሁኔታም እንደሚጨነግፍ ለመረዳት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመንደሩ ልጅ

ክሎድ በ1899 የተወለደው በደቡብ ምሥራቅ ቤልጅየም፣ አርዴን በሚባለው ደናማ አገር በምትገኝ ሎንግሊዬ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ዳቦ ቤትና ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር አጣምሮ ይዞ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ልጁ ፊደል የቆጠረበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍልና አንድ መምህር ብቻ ነበረው። ጀማሪውም ከፍ ያለውም በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስቦ ይማራል። ማለዳ እየተነሣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል መደወልም የትንሹ ክሎድ ድርሻ ነበር።

ልጅነቱ ግን በሕመም ጥላ ሥር ያለፈ ነው። እናቱ በጡት ካንሰር ተይዛ ለበርካታ ዓመታት ስትማቅቅ ቆይታ፣ ልጁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። ከዚያ በኋላ በአካባቢው በደረሰው የኑሮ መውደቅ ምክንያት አባቱ ልጆቹን ይዞ አቱስ ወደምትባል የብረት ፋብሪካዎች ወደሚገኙባት የጠረፍ ከተማ ተሰደደ። በዚያም ልጁ በጀርመንኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ ሌላ የቤተሰብ ችግር መጣ። በሎንግሊዬ የሚኖር አጎቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሽባ ስለሆነ አስታማሚ አስፈለገው። ክሎድም ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰና አጎቱን እየደገፈ ዓመታት አሳለፈ።

እዚህ ላይ የልጁ ትምህርት የተቋረጠው በስንፍና ወይም በችሎታ ማነስ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ትምህርቱን ያቋረጠው በቤተሰብ ውስጥ በሽተኛን የሚሸከም ሌላ ትከሻ ባለመኖሩ ነው። በማናቸውም አገር ከትምህርት ገበታ የሚርቁ ሕፃናት ታሪክ ቢመረመር ከዚህ የሚመሳሰል ምክንያት በብዛት ይገኛል።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ክሎድ በብረት ፋብሪካ ለማጅ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የኢንዱስትሪ ንድፍ ነዳፊ ሆነ። ቤልጅየም በጀርመን ጦር በተያዘች ጊዜ ደግሞ በእንግሊዝ የስለላ አገልግሎት በፈቃደኝነት ተመዝግቦ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ አገለገለ። ጦርነቱ ሲያበቃም የተባባሪ መንግሥታት ሜዳይ ተሸለመ፤ የዘማችነት መብትም ተሰጠው። ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት ሲደርስ በእጁ የነበረው ሜዳዩና የፋብሪካ ልምዱ ብቻ ነበር፤ የትምህርት ምስክር ወረቀት አልነበረውም።

ሕግ የከፈተው በር

ክሎድ ሐኪም ለመሆን ይመኝ ነበር። በዚያን ዘመን ግን የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ላቲንና ግሪክኛ የሚጨምር የተሟላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይጠየቅ ነበር። ይህ ስላልነበረው በሊዬዥ ከተማ በሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት በኩል ዕድሉን ለመሞከር ተነሣ። ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ ክሎድ ምናልባት ጥሩ የማዕድን ባለሙያ ሆኖ ስሙ ሳይሰማ ያልፍ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው የመንግሥት ውሳኔ ነው። የቤልጅየም መንግሥት በጦርነቱ የተሰለፉ ወጣቶች ያለ ሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ክሎድ በ1922 በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቀባይነት አገኘ። በ1928ም በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀ። ለዘማቾች ውለታ ለመመለስ የወጣው ሕግ፣ ሕግ አውጪዎቹ ፈጽሞ ያላሰቡትን ውጤት ለሳይንስ አበረከተ ማለት ነው።

በተማሪነቱ ክሎድ ብዙ ሰዓት በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ያሳልፍ እንደ ነበር በኋለኛው ዘመን አስታውሷል። መስታወቱ የሚያሳየው የሕዋሱን ዳርና በመካከሉ ያለውን ኒውክሊየስ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ሳይቶፕላዝም የሚባለው ክፍል ግን ጭጋግ እንደሸፈነው ሸለቆ ደብዝዞ ይታያል። የማስተካከያውን ብሎን ምንም ያህል ቢያዞሩት ከተወሰነ ወሰን አያልፍም። ይህም የመስታወት ሠሪዎች ጥፋት አልነበረም፤ ተራው ብርሃን ከአንድ ሚሊሜትር 5,000ኛ እጅ ያነሱ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት ስለማይችል ነው። የዚያን ጊዜ ሊቃውንትም ብዙዎቹ ሳይቶፕላዝምን ቅርጽና ሥርዓት የሌለው ዝልግልግ ፈሳሽ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

የዶሮው ዕጢ

የክሎድ የመጀመሪያ ምርምር ስለ ካንሰር ነበር። የመመረቂያ ጥናቱ የአይጥን ካንሰር ወደ ሌላ ዓይነት አይጥ ስለ ማዛወር የሚናገር ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራው ባገኘው የመንግሥት የጉዞ ድጋፍ የ1928ን ክረምት በበርሊን አሳለፈ። በመጀመሪያ በካንሰር ምርምር ተቋም፣ ቀጥሎም በዳሌም በሚገኘው የካይዘር ቪልሄልም የሥነ ሕይወት ተቋም በአልበርት ፊሸር ቤተ ሙከራ ሕብረ ሕዋስን ከአካል ውጭ የማሳደግ ጥበብን ተመለከተ።

በ1929 ደግሞ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም አመራ። የተቋሙ ዲሬክተር ሳይመን ፍሌክስነር የተቀበለው የክሎድ ሐሳብ አንድ ነበር፤ እሱም ራውስ ሳርኮማ የሚባለውን የዶሮ ካንሰር የሚያስከትለውን ነገር ነጥሎ ማውጣት ነው። በዚሁ ተቋም ፔይተን ራውስ የተባለው ተመራማሪ በ1911 ከታመመች ዶሮ ዕጢ የተገኘ ጭማቂ፣ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ ተጣርቶ እንኳ ጤነኛዋን ዶሮ በካንሰር እንደሚያሲዝ አሳይቶ ነበር። ብዙዎች አላመኑትም። ራውስ ራሱ ለዚህ ግኝቱ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው 55 ዓመት ቆይቶ፣ በ1966 ነው።

ክሎድ በጄምስ መርፊ በሚመራው ክፍል ተመድቦ ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭማቂውን በኬሚካላዊ ዘዴዎች ለማጣራት ደከመ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ግን በእንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በኃይለኛ ሴንትሪፊውጅ ማዝቀጥ እንደሚቻል ገለጹ። ሴንትሪፊውጅ ፈሳሽ የያዙ ብልቃጦችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው። አሠራሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ጠላ በጋን ውስጥ ሲያድር አተላው ከታች ይቀራል፤ የደፈረሰ ውሃ በእንስራ ሲቀመጥ ጭቃው ይዘቅጣል። በጋንና በእንስራ ይህን የሚያደርገው የምድር ስበት ብቻ ሲሆን፣ ሴንትሪፊውጁ ከስበት ብዙ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ኃይል በማሽከርከር ይፈጥራል። በመሆኑም ለዘመናት ቢቀመጡ የማይዘቅጡ ጥቃቅን ነገሮች በሰዓታት ውስጥ ከብልቃጡ ግርጌ ይከማቻሉ።

ዘዴው ሠመረ። ካንሰር የማስያዝ ኃይሉ በዝቃጩ ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ዝቃጩም ቅባት፣ ፕሮቲንና ራይቦኑክሊክ አሲድ የያዘ ሆነ። በዚህ ደረጃ አንድ ችኩል ተመራማሪ ቫይረሱን ነጥሎ እንዳወጣ አድርጎ ማወጁ አይቀርም ነበር። ክሎድ ግን የማወዳደሪያ ሙከራ አደረገ። በሽታ የሌለበትን የዶሮ ሽል ወስዶ በዚያው አኳኋን ፈጭቶ፣ በዚያው ፍጥነት አሽከርክሮ የሚዘቅጠውን ተመለከተ። በ1938 ይፋ ያደረገው ውጤት ለፈለገው ነገር መርዶ ነበር፤ ከጤነኛው ሽልም በመጠንና በኬሚካላዊ ይዘት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የሆነ ዝቃጭ ተገኘ። ልዩነቱ የጤነኛው ዝቃጭ ካንሰር አለማስያዙ ብቻ ነበር።

መለያው መንገድ

የክሎድ የሕይወት ጎዳና እውነተኛ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። የማወዳደሪያ ሙከራ የሚደረገው ዋናውን ግኝት ለማጠንከር ነው፤ ግኝቱን ሲያፈርስ ብዙ ሰው ሙከራውን እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል። ክሎድ ግን ጥያቄውን ገለበጠው። ከጤነኛ ሕዋስ የሚወጡት እነዚህ ቅንጣቶች ቫይረስ ካልሆኑ ታዲያ ምንድን ናቸው? ቅርጽ የለውም በተባለው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይህን ያህል ብዛት ያለው፣ መጠኑም የተወሰነ ነገር ከተገኘ፣ ሳይቶፕላዝም ተራ ፈሳሽ ነው የሚለው እምነት ሊጸና አይችልም። የካንሰር ተመራማሪው በዚህ መንገድ የሕዋስ ተመራማሪ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ክሎድ ሥራውን ከዶሮ ዕጢ ወደ አይጥ ጉበትና ወደ ሌሎችም ሕብረ ሕዋሳት አሰፋ። ሕዋሶቹን ይፈጫል፤ የተፈጨውን በዝግታ ያሽከረክራል፤ ኒውክሊየሶቹና ያልተፈጩት ይዘቅጣሉ። ከላይ የቀረውን ቀድቶ በበለጠ ፍጥነት ያሽከረክራል፤ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት ትልልቅ ቅንጣቶች ይዘቅጣሉ። የቀረውን በከፍተኛው ፍጥነት ሲያሽከረክር ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር 20,000ኛ እስከ 5,000ኛ እጅ የሚደርሱት ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገኛሉ። እነዚህን በ1943 ማይክሮሶም ብሎ ሰየማቸው።

ተቃውሞ አልጠፋም። ሕዋስን መመርመር ማለት ቅርጹን እንደተጠበቀ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው ብለው ያመኑ ሊቃውንት፣ ሕዋስን መፍጨት ሥርዓቱን ማጥፋት ነው ብለው ነቀፉት። ነቀፋው መሠረተ ቢስ አልነበረም። ክሎድ ራሱም በመጀመሪያ ጥቃቅኑን ቅንጣቶች የማይቶኮንድሪያ ስብርባሪዎች ወይም ዘሮች አድርጎ ገምቶ፣ በኋላ ይህ እንደማያስኬድ ተረድቶ አርሞታል። ለነቀፋው የሰጠው መልስ የቃል ክርክር ሳይሆን የሂሳብ ቁጥጥር ነበር። ከተፈጨው ሕዋስ አንዲት ጠብታ ሳትጣል፣ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ኬሚካልና ምን ያህል የሥራ ኃይል እንደያዘ እየለካ፣ የክፍሎቹ ድምር ከመጀመሪያው ሙሉ ጋር መመጣጠኑን ያረጋግጥ ጀመር። ዕቃውን ተረክቦ አንድ በአንድ እንደሚያስረክብ ታማኝ የግምጃ ቤት ሹም ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ፍሬ አፈራ። በ1946 ከጆርጅ ሆግቡምና ከሮሊን ሆችኪስ ጋር ባደረገው ጥናት ሕዋስ ኦክሲጅንን ተጠቅሞ ኃይል እንዲያገኝ የሚያደርጉት ዋና ዋና ኤንዛይሞች በማይቶኮንድሪያ ክፍል ውስጥ ተከማችተው ተገኙ። ከዚያ በፊት በ1934 በቺካጎ ቤንስሊና ኸር የተባሉ ተመራማሪዎች ማይቶኮንድሪያን ከጉበት ሕዋስ ነጥለው አውጥተው ነበር። አሁን ግን የዚህ አካል ተግባር በመለኪያ ታወቀ። ሕዋስ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ሥራ ያለው፣ የሥራ ክፍፍል የሰፈነበት ቤት መሆኑ ተረጋገጠ።

የመጀመሪያው ሥዕል

ይሁንና የተለኩት ነገሮች በዓይን መታየት ነበረባቸው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በበርሊን በማክስ ክኖልና በኧርንስት ሩስካ በ1931 የተጀመረ ሲሆን፣ ከብርሃን ይልቅ የኤሌክትሮን ጨረር ስለሚጠቀም እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። ችግሩ ጨረሩ የሚያልፈው አየር በሌለበት ክፍል መሆኑና፣ የሚመረመረው ነገር እጅግ ስስ ካልሆነ በቀር ጨረሩ አለማለፉ ነው። ሕያው ሕዋስ ደግሞ ወፍራምና ውሃ የሞላበት ነው።

መፍትሔው የተገኘው በሙያ መተባበር ነው። በሮክፌለር የነበረው ኪት ፖርተር የዶሮ ሽል ሕዋሳትን በስስ ፕላስቲክ ላይ ማሳደግ ያውቅ ነበር። በዚህ አኳኋን የሚያድግ ሕዋስ ዳርና ዳሩ ተዘርግቶ ይሳሳል። መሣሪያው ግን በተቋሙ አልነበረም፤ ስለዚህ በኒው ዮርክ በነበረ የአንድ የኢንዱስትሪ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኧርነስት ፉላም ከሚባለው ባለሙያ ጋር ሠሩ። ሕዋሶቹን በኦስሚየም ጢስ አደረቋቸው፤ ከዚያም ክፍል በክፍል ፎቶግራፍ አንሥተው ምስሎቹን እንደ ሞዛይክ ገጣጠሙ። በመጋቢት 1945 ሦስቱ ያሳተሙት ይህ ምስል የአንድን ሙሉ ሕዋስ የኤሌክትሮን ገጽታ ለዓለም ያቀረበ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ምስሉን ላየ ሰው የዘመናት ጭጋግ እንደተገፈፈ ይታወቀዋል። ባዶ ይመስል በነበረው ሳይቶፕላዝም ውስጥ እንደ ዳንቴል የተሠራ መረብ ተዘርግቷል፤ ማይቶኮንድሪያዎቹም በመካከሉ እንደ ክር ረዝመው ይታያሉ። ፖርተር በኋላ ይህን መረብ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ብሎ ሰየመው። የክሎድ ማይክሮሶሞችም አብዛኞቹ የዚሁ መረብ ስብርባሪዎች መሆናቸው በ1950ዎቹ ታወቀ። በመረቡ ላይ የተለጠፉት ቅንጣቶች ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ራይቦዞሞች ሆነው ተገኙ። በፈጪው የተበተነውና በማይክሮስኮፕ የታየው በመጨረሻ ተጋጠመ።

ይህ ሥራ ሌሎችንም ሳበ። ከሩማንያ የመጣው ወጣት ሐኪም ጆርጅ ፓላዴ በ1946 ክሎድ ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሰጠውን ንግግር ሰምቶ ቀረበውና በግብዣው ወደ ሮክፌለር ገባ። በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክርስቲያን ደ ዱቭ የክሎድን የመለያ ዘዴ ይበልጥ አራቅቆ፣ የሕዋስ የምግብ መፍጫ ከረጢት የሆነውን ላይሶሶም በ1955 ለይቶ ሰየመ። በ1974 ሽልማቱን ከክሎድ ጋር የተካፈሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የጎዳናው ትርጉም

ክሎድ በ1949 ወደ አገሩ ተመለሰ። በብራስልስ የዥዩል ቦርዴ የካንሰር ተቋም ዲሬክተር ሆኖ ለሃያ ዓመታት ያህል አገለገለ፤ ከዚያም በሉቫን-ላ-ነቭ ምርምሩን ቀጠለ። በ1983 በብራስልስ አረፈ። እናቱን የነጠቀው በሽታ ከመመረቂያ ጥናቱ እስከ ዲሬክተርነቱ ድረስ ከሥራው አልተለየም። ከውጭ ለሚያየው ጎዳናው ጠመዝማዛ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነበር።

የክሎድን ታሪክ ማንም ሰው ቢጥር ሁሉን ያገኛል ለሚል ስብከት ማስረጃ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። ጥረት ብቻውን የሊዬዥን ዩኒቨርሲቲ በር አልከፈተም፤ የከፈተው ሕግ ነው። በሎንግሊዬና በአቱስ ያደጉ፣ በዚያው ፋብሪካ የሠሩ፣ ነገር ግን የዘማችነት መብት ያልነበራቸው ወጣቶች ያው በር እንደተዘጋባቸው ቀርቷል። ከእነሱ መካከል ስንት አእምሮ እንደባከነ የሚቆጥር መዝገብ የለም። መምህር የአንድን ተማሪ መቋረጥ በስም መጥሪያው ላይ በቀይ ቀለም ሲያመለክት፣ ትምህርት ቤትም የመግቢያ መመዘኛውን ሲያወጣ፣ ይህን ማስታወስ ይገባዋል። ላቲንና ግሪክኛ የማያውቅ ሰው ሐኪም ሊሆን አይችልም የሚለው ደንብ በጊዜው እጅግ ምክንያታዊ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ቁም ነገር ስለ ውድቀት ነው። ክሎድ ቫይረሱን ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት የተነሣበትን ዓላማ እንዳሰበው አልፈጸመውም። ስሙን ያስጠራው የጤነኛዋን ዶሮ ሽል በመፈተሹና ያገኘውንም ባለመደበቁ ነው። የራውስ ቫይረስ ጉዳይ ራሱ ከዚያ በኋላ ሌላ ድንቅ ምዕራፍ ከፈተ። በ1976 ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት፣ ይህ ቫይረስ ካንሰር የሚያስይዝበት ጂን ከጤነኛ የዶሮ ሕዋስ የመነጨ መሆኑን አሳየ፤ ሁለቱ ሊቃውንትም በ1989 የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ግኝቱ ከክሎድ ቅንጣቶች የተለየ ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የበሽታውን ምሥጢር ለማግኘት ጤነኛውን መመርመር ግድ ሆኗል።

ዛሬ በማንኛውም የሕዋስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴንትሪፊውጅ ይዞራል። ወጣቱ ተመራማሪ ሕዋሱን ፈጭቶ፣ አሽከርክሮ፣ ዝቃጩን ከጥሩው ይለያል፤ ቁጥሩንም በመዝገብ ያሰፍራል። ጎኑ ላይ የጤነኛው ናሙና ብልቃጥ ካልተቀመጠ ግን ሥራው ጎደሎ ነው። ክሎድ ለተከታዮቹ ያወረሰው ከዘዴውም በላይ ይህንን ልማድ ነው፤ የፈለጉትን የሚያፈርስ ማስረጃ ሲመጣ ፊትን አለማዞር።